ባሻ ሥራ ሲፈታ

በሰኞ ገበያ ከተማ በየማለዳው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ድረስ ወደ ቤቱ የሚገባም ከቤቱ የሚወጣም ሰው የለም። ዕድሳት ነው። በሩ፣ ምድጃው፣ መብራቱ፣ የክሊኒኩ አልጋ ሳይቀር የአገሩን ዕቃ ሁሉ ከሩቅ የሚያዘው ማዕከል የላከለትን አዲስ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ሰዉ ደግሞ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ብልሆቹ በርጩማቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሕፃን ውስጥ ተረስቶ እንደሆነ በመስኮት እያጫወቱ ያቆዩታል። ደቂቃው ሲሞላ በሮቹ ሁሉ ባንድ ላይ ቀጭ ይላሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት “ታደሳችሁ?” “ይመስገነው፣ ታደስን” ተባብሎ ወደ ሥራው ይበተናል። እንዲህ ከሆነ ሃያ ዓመት አለፈው፤ የሚገርመው ሰው የለም።

ዕድሳት ደርሶበት የማያውቀው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ከምንጩ ግርጌ ያለው የውሃ ማኅበሩ ቤት። በሩ በብረት ቁልፍ ይከፈታል፤ ቁልፉም ከሠራተኛዋ ከሃሴት አንገት ወርዶ አያውቅም። ደጅ የቆሙት ጎረቤቶቿ በማለዳ ስታልፍ “እትዬ ሃሴት፣ ታደሳችሁ?” ይሏታል ለማሾፍ። እሷ ምላሽ ሳትሰጥ ታልፋለች። ዝም ማለት ለሃሴት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አፏን የሚበላት ሴት ናት።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ነው። ሃሴት ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው ከባሻ ጋር ነው። ባሻ ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው፣ ከእሷ በአንድ ዓመት ያንሳል። የከተማውን ሰባት ሰፈር ውሃ በተራ የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ተራውን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የወሰኑት ሲሆን አንድ ሕግ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለቅሶ የገባበት ሰፈር ይቀድማል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ከየአገሩ መጥቶ፣ ውሃ ተራ ይጠብቅ አይባልም። ለዚሁ ሲባል ከባሻ ቁልፎች አንዷ በቀይ ቀለም ተቀብታለች። ሃሴት መርዶ ስትሰማ መጀመሪያ የምታደርገው እሷን መጫን ነው፤ የምታለቅሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ካለፈው ሰኔ ወዲህ ግን ባሻ አመል አወጣ። ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ድርግም ይልና ራሱን መልሶ ያስነሳል። አንዳንዴ በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴ በሳምንት አንዴ። እንዲህ ባደረገ ቁጥር ተራው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ላይ ሰፈር ሁለቴ ያገኛል፣ ታች ሰፈር ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይመለሳል። ሃሴት አንዷንም ሳታስቀር በደብተር መዝግባለች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያን ጊዜ እሷ ምን ታደርግ እንደነበረ። አርባ አራት ሞልቷል።

ወሬው ማዕከሉ ጆሮ ገባ። ደብዳቤ መጣ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ማሽን ሦስት ቀን ያለማቋረጥ መሥራቱን በተቆጣጣሪ ፊት ካላሳየ አገልግሎቱ ወደ ማዕከል ይዛወራል፤ በፍተሻው ጊዜ ማሽኑ ከተመዘገበለት ሥራ ሌላ ሥራ አይሰጠውም፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ተቆጣጣሪው ሊመጣ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ወደ ማዕከል መዛወር ምን እንደሆነ በሐሙስ ገበያ ከተማ አይተውታል። እዚያ ባለፈው ጥር አንዲት እናት ሞተው፣ ሦስት መቶ ለቀስተኛ ተሰብስቦ፣ ቧንቧው ጠብ ሳይል ዋለ። ልጃቸው ማዕከሉን ቢጠይቅ የተሰጠው መልስ ትሕትና የጎደለው አልነበረም። “ለቅሶ የሚባል ምክንያት አልተመዘገበም። ተራዎ ነገ ስምንት ሰዓት ነው።” ይህን የሰማች ዕለት ሃሴት ባሻን አሳልፋ ብትሰጥ ከዚያ በኋላ በየትኛው ለቅሶ ቤት ገብታ እንደምትቀመጥ አስባ ነበር።

የኮምፒውተር ሐኪም በአገሩ ከጠፋ ቆይቷል። ዕቃ ሲበላሽ በሣጥን አዲስ ይመጣል፣ አሮጌው በሣጥኑ ይሄዳል፣ አለቀ ደቀቀ። ሃሴት ግን እጇን አቆሽሻ የተማረች ናት። የባሻን ሆድ ከፍታ አቧራውን ጠረገች። የማስታወሻ ካርዱን፣ ራሙን፣ ነቅላ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ፈግፍጋ መለሰችው። ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ፓወር ሰፕላዩን ከድሮው የወፍጮ ቤት ማሽን በተረፈው ቀየረች። አንዱን በነካች ቁጥር አንድ ቀን ትጠብቃለች፤ ሁለት ነገር ባንዴ የነካ የቱ እንዳዳነው አያውቅም ብለው ነው ያስተማሯት። ባሻም በየቀኑ እየጠበቀ ድርግም ይልላታል።

በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ መንገድ ከጀመረች በኋላ መነጽሯን ረስታ ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ሳሮን፣ ሁለተኛዋን ቁልፍ የሚይዙት፣ ባሻ ፊት ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ዳንቴል አልብሰውታል፤ እያንዳንዷ ጽጌረዳ በእጃቸው የተሠራች።

“ምን እያደረጉ ነው?” አለች ሃሴት።

“እያለበስኩት ነዋ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሰኔ። አንቺ ስትሄጂ አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት ሳትመጪ አነሳለታለሁ። ቀንም ምሳ ስትወጪ ጣል አደርግበታለሁ።” እትዬ ሳሮን የዳንቴሉን ጫፍ አስተካከሉ። “የወፍጮውን ሥራ ወሰዱበት፣ የክሊኒኩን ወሰዱበት፣ በመጨረሻም ሰኔ ላይ የትምህርት ቤቱን ደወል ወሰዱበት። ያን ሁሉ ዘመን ደክሞ እንዲህ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ አንጀቴን በላው። ታዲያ ቢያንስ አይብረደው።”

ሃሴት ከዚህ ሁሉ ንግግር “ከሰኔ” የምትለዋን ብቻ ነበር የሰማችው። ሕመሙም ከሰኔ ነው። መተንፈሻው ተሸፍኖ ሞቆት ኖሯል። ዳንቴሉን ገፈፈችና አጣጥፋ ለባለቤቷ ሰጠች። “እትዬ ሳሮን፣ በፍቅር ሊገድሉት ነበር” አለቻቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። ሃሴት ደግሞ የምሥራች የሚያድርባት ሰው አይደለችም፤ በሦስተኛው ቀን የማኅበሩን አባላት ሰብስባ ባሻ ፊት አቆመቻቸው። ስለ መተንፈሻ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ላጲሱ ሳይቀር አስረዳች። “ተቆጣጣሪው ይምጣ” አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። “ባሻ ድኗል።” ሰዉ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ ሲያይ ዞር ብትል፣ ባሻ ድርግም ብሎ፣ ጢት ብሎ፣ እንደገና እየነቃ ነው። አንድ ሰው ሳል መጣበት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ከሁሉ የከፋው እትዬ ሳሮን ናቸው፤ አጣጥፈው ይዘውት የመጡትን ዳንቴል ዘርግተው ጽጌረዳዎቹን ያስተካክላሉ።

ሰዉ ሲሄድ ሃሴት ደብተሯን ከፈተች። በንዴት ነበር የከፈተችው፤ ያቺን ስብሰባ እንደ አርባ ስምንተኛ ልትመዘግባት። “ሰዓት፦ ዘጠኝ ከሩብ። ምን እየሠራሁ ነበር፦ ማውራት” ብላ ጻፈች። ከዚያ ዐይኗ ወደ ላይ ሄደ። ምሳ። ምንም። ቁጭ ብዬ። ምንም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ። ምንም። ሰዓቶቹን ከውሃው ተራ ጋር ብታስተያያቸው፣ ከአርባ ስምንቱ አንዷ እንኳ ባሻ ሥራ ይዞ እያለ የተመዘገበች የለችም። ውሃውን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲያዛውርም ድርግም ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ በመሃል፣ ተራ ሲጠብቅ፣ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ነው።

ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ። እትዬ ሳሮን ነግረዋት ነበር፤ እሷ አልሰማችም እንጂ።

ለማረጋገጥ ከንቱ ሥራ ሰጠችው፤ ከአንድ እስከ ሚሊዮን ቆጥሮ ወደ ኋላ እንዲመለስ፣ እንደገና እንዲሄድ። አንድ ሙሉ ቀን እንደ ወይፈን ሮጠ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ሥራውን ስትቀማው በሰዓት ውስጥ ድርግም አለ። ሃሴት ያን ጊዜ በባሻ የተሰማት ኩራት ከጭንቀቷ በለጠ። ሥራ አላቃተውም፤ ያቃተው መቦዘን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስንት እናውቃለን፣ ጡረታ ወጥቶ በወሩ የሚታመም።

ችግሩ፣ በፍተሻው ጊዜ ተጨማሪ ሥራ መስጠት ክልክል ነው። መድኃኒቱ ሌላ ቦታ መሆን አለበት፤ ሃሴትም የት እንደሆነ ታውቃለች። ማሽን ሲነቃ ከሁሉ በፊት የሚያነባት ከማዘርቦርዱ፣ ከሆዱ ዋና ሰሌዳ፣ ጋር አብራ የተሰፋች መመሪያ አለች፤ ፈርምዌር ይሏታል። እንዴት እንደሚሠራም እንዴት እንደሚያርፍም የምትነግረው እሷ ናት። የባሻ መመሪያ ዕረፍትን በስህተት አስተምራዋለች፤ እሱ ደግሞ ስልሳ ዓመት ሙሉ አርፎ ስለማያውቅ ስህተቷ ሳይታወቅ ኖረ። ሲነቃ ስክሪኑ ላይ “ሥሪት አራት” ይላል። ፋብሪካው ከአራት በኋላ ሌሎች አውጥቶ እንደነበር ጥርጥር የላትም፤ ፋብሪካ ስህተቱን የሚያርመው በዚያ መንገድ ነበር።

ማዕከሉን ጠየቀች። ማዕከሉ ጨዋ ነው፣ ሁሌም ወዲያው ይመልሳል። “የጠቀሱት ፋብሪካ የለም። የጠቀሱት ማሽን አልተመረተም። ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?” ሃሴት እጇን ባሻ ጀርባ ላይ አሳርፋ ነበር ያነበበችው፤ ሞቅ ይላል። ያልተመረተ ማሽን ሲሞቅ ያየችው የመጀመሪያዋ ሰው ናት መቼም።

የቀረው ሰው መጠየቅ ነው። ማን ነበረው? ከፋብሪካው የጠፋ፣ ከማዕከሉ የጠፋ ነገር ማን ቤት ይገኛል? ይህን ስታሰላስል በድሮው መናኸሪያ በኩል አለፈችና ቀለሙ የለቀቀ ጽሑፍ ዐይኗን ያዘው። “ኪሩ ሙዚቃ ቤት። ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ሶፍትዌር እንጭናለን።” ቀጥ ብላ ቆመች።

ጋሼ ኪሩቤል ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ሱቁ ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል፤ እሳቸው ግን ከጀርባው ባለው ክፍል ይኖራሉ። በሩን ራሳቸው ከፈቱላት።

“ምን ልጫንልሽ?” አሏት። ለመጣ ሰው ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሌላው ሰው ስቆ ያልፋል።

“የማዘርቦርድ ፈርምዌር፣ ጋሼ።”

ሽማግሌው አልሳቁም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። “የስንት ዓመተ ምህረት?”

“የሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ።”

“ማዕከሉን ጠይቀሻል?”

“ጠይቄዋለሁ። እንዲህ ያለ ማሽን ተመርቶ አያውቅም አለኝ።”

አሁን ሳቁ። ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ጎተቱ። ውስጡ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ሠላሳ ይሆናል፤ አንዱ ካንዱ እንዳይጋጭ እያንዳንዱ ካልሲ ለብሷል። ካልሲው ላይ ወረቀት ተሰፍቶበታል፤ “መንፈሳዊ”፣ “የሕንድ”፣ “ድራይቨር የሁሉም”።

“ያኔ ኔትወርክ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል” አሉ ካልሲዎቹን እየፈቱ። “የመጣ ዕለት ነገ የለም ብዬ ነው የማወርድ። የሚያስፈልገኝንም የማያስፈልገኝንም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል ትለኝ ነበር። ኔትወርክ የማይጠፋበት አገር ያለው ሰውዬ ግን ምን ቸገረው? ነገም አገኘዋለሁ ብሎ ተወው። ነገ ሲደርስ ከየት ያምጣው?”

የማሽን ማስነሻ ፋይሎችን የያዘውን፣ “ድራይቨር” የሚለውን፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። ዲስኩ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አንገራገረና ተነሣ። በድራይቨሩ መዝገብ ውስጥ፣ በፋብሪካው ስም፣ ሁለት ፋይል ተቀምጧል፤ አንዱ ሥሪት ዘጠኝ፣ አንዱ ሥሪት አሥር። አጠገባቸው አጭር ጽሑፍ አለ። ሃሴት ጮክ ብላ አነበበችው።

“ማሳሰቢያ። አሥር ቁጥር የምትሆነው ጥጉ ላይ ሁለት ቁጥር ለተጻፈበት ማዘርቦርድ ብቻ ነው። ሦስት ቁጥር የተጻፈበት ላይ ዘጠኝን ጫኑ። አዲሱ ይሻላል ብዬ የመምህሩን ኮምፒውተር ገድያለሁ። ኪሩ፣ ግንቦት ሃያ ሦስት።”

“ስህተትዎንም አስቀምጠውታል እኮ” አለች።

“እሱማ ዋናው ነው” አሉ። “ለመሆኑ ባሻ ባለ ስንት ቁጥር ነው?”

አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራ አታውቅም፤ ይህንንም ሳታፍር ነገረቻቸው። ጋሼ ኪሩቤል ፋይሎቹን በፍላሽ ሰጧት፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፣ ሲጫን ልይ ብለው።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ የፀሐዩ ባትሪ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ ሃሴት፣ ጋሼ ኪሩቤልና እትዬ ሳሮን ባሻ ፊት ተቀመጡ። ባሻ እስኪነቃ ውሃው እንዳይቋረጥ ሃሴት ቧንቧዎቹን በእጅ ከፈተች፤ ከዚያ ከማዘርቦርዱ ጥግ የስልሳ ዓመት እድፍ በእርጥብ ጨርቅ አሸች። በአጉሊ መነጽር ቁጥሯን አየች። ሦስት። ትናንት በቸኮለ እጇ ብትጭን ኖሮ የምትመርጠው አሥርን ነበር፤ ማን ነው አዲሱን ትቶ አሮጌውን የሚመርጥ? ዘጠኝን መረጠች።

ሥራው ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። በዚያ መሃል መብራት ቢጠፋ ባሻ አይነሣም፤ ሐሙስ ገበያ ማለት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ሳሮን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጋሼ ኪሩቤል እንደ ድሮው እጃቸውን አጣምረው ስክሪኑን ያያሉ። ባሻ ድርግም አለ። ቆየ። ከወትሮው በላይ ቆየ። ከዚያ ጢት አለ፤ ስክሪኑም ላይ “ሥሪት ዘጠኝ” የሚል ጽሑፍ ወጣ።

“ተጫነ” አሉ ጋሼ ኪሩቤል፤ ይህን ቃል ለደንበኛ ከተናገሩት አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ሃሴት እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ተቆጣጣሪው ድንበሩ ይባላል፤ ከሠላሳ የማያልፍ፣ ትሑትና ነገር የማያበዛ ወጣት ነው። መዳፍ የምታህል ቆጣሪ ባሻ ላይ ለጥፎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ቀን ያለ ኮሽታ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ስለ ቀይዋ ቁልፍ ጠየቀ፤ ሃሴት የለቅሶውን ሕግ ነገረችው። “በእኛ ቅጽ ላይ የለም” አለ። አልተከራከራትም፣ አልጻፈውምም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ታች ሰፈር አንድ አባወራ አረፉ። ሃሴት ቀይዋ ቁልፍ ላይ ጣቷን አድርጋ ወጣቱን አየችው።

“የተመዘገበ ሥራ ነው?” አላት።

“እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ፣ ልጄ።”

“እንግዲያው ይጫኑት።”

ተጫነቻት፤ ውሃው ወደ ታች ሰፈር ዞረ። ወዲያው የዕድሳት ሰዓት ደረሰ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሞላ፤ በሮቹ ቀጭ አላሉም። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት። ማዕከሉ “በመታደስ ላይ” ከማለት በቀር አይመልስም። ከተማው በሙሉ ደጅ ቀረ፣ ምድጃ የለ፣ መብራት የለ፣ ለቀስተኛው በፀሐይ እየመጣ ይጨመራል። ታች ሰፈር ቦኖ ላይ ግን ውሃው ይንዶለዶላል። የሌላውም ሰፈር ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደዚያው ወረደ፤ ማንም ማንንም አልከለከለም።

ድንበሩ ቆጣሪውን አየ። እሱም “በመታደስ ላይ” ይላል። መታ መታ አደረገው። “እስክሪብቶ ይኖርዎታል?” አለ በመጨረሻ። ሃሴት እስክሪብቶዋንና ደብተሯን ሰጠችው። በእጁ ከጻፈ ስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ፤ ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስላል። በየሩብ ሰዓቱ “ይሠራል” እያለ ጻፈ።

ሦስቱ ቀን በሚሞላበት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በሮቹ ተከፈቱ። ቆጣሪውም ተመለሰ፤ ዜሮ ይላል። ሦስቱን ቀን ረስቶታል። ሃሴት ደንቡን ታውቃለች፤ ቆጣሪው ያልቆጠረው አልተሠራም። ድንበሩ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ዘገባውን በእጁ ጻፈ፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች። “ማሽኑ አልቆመም። የቆመው ቆጣሪው ነው።”

“ይቀበሉኛል ብዬ አልምልልዎትም” አለ። “የሆነው ግን ይሄ ነው።” በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። “እናቴ አገር አንድ የወፍጮ ማሽን አለ፣ እንደዚህ ድርግም ይላል። ሊወስዱት ነው።”

ጋሼ ኪሩቤል ከጥግ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ባዶ ፍላሽ ይዘህ ና” አሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፤ ማሽኑ በያዘው ሥራ ይቀጥላል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። እትዬ ሳሮን ሌላ ዳንቴል ሠሩ። ይሄኛው በጀርባው በኩል፣ ልክ በመተንፈሻው መጠን፣ ክፍት ነው፤ ጽጌረዳዎቹ ዙሪያውን ከበውታል። ሃሴት አገላብጣ አየችውና በገዛ እጇ አለበሰችው።

በማግሥቱ ማለዳ እንደ ልማዷ ቁልቁል ስትወርድ ጎረቤቶቿ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በራቸውን ይጠብቃሉ። ከመሃላቸው አንዱ እንደ ልማዱ ጣል አደረገ።

“እትዬ ሃሴት፣ ታደሳችሁ?”

ሃሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ያለፈችውን ጥያቄ ዛሬ ቆም ብላ ሰማችው።

“ታድሰናል” አለች። “በስልሳ ዓመት አንዴ፣ በገዛ እጃችን።” ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ፣ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሲል፣ በሩን ከፍታ ገባች።